በጤና ጥናትና ምርምር የኅብረተሰቡ ተሳትፎ፦ ከዝሆኔ ሕመም የተገኘ ልምድ እና የተሳታፊዎች መብት

በየዓመቱ በርካታ ዜጎች በጤና ጥናቶች እንዲሳተፉ ይጠየቃሉ። አንዱን መረጃ ሰብሳቢ ታብሌት ይዞ በመኖሪያ ቤቱ ይጎበኘዋል፤ ሌላው ለሕክምና በሄደበት ጤና ጣቢያ ደም እንዲሰጥ ወይም ለመጠይቅ መልስ እንዲሰጥ ይጠየቃል፤ ሌላው ደግሞ በቀበሌው አዳራሽ በሚደረግ የቡድን ውይይት እንዲገኝ ይጋበዛል። በእነዚህ ጊዜያት የሚነሱት ጥያቄዎች በአብዛኛው ተመሳሳይ ናቸው። ለምን እኔ ተመረጥሁ? የምናገረው ነገር ለማን ይደርሳል? አልፈልግም ብል ከሕክምና እከለከላለሁን? መልስ ብሰጥስ ምን ይለወጣል?

ይህ ጽሑፍ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው። ስለ ተሳትፎ በጥቅሉ ከመናገር ይልቅ በሀገራችን የታየ አንድ ጉዳይ ቢቀርብ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ስለሚሆን፣ በልማድ ዝሆኔ ወይም የእግር እብጠት የሚባለውን፣ በሕክምናው አጠራር ፖዶኮኒዮሲስ የተሰኘውን ሕመም እንደ አብነት ወስደናል።

ኅብረተሰቡን መጠየቅ ለምን ያስፈልጋል?

የመጀመሪያው ምክንያት ሕጋዊ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች በብሔራዊ ልማት የመሳተፍ፣ በተለይም አባል የሆኑበትን ማኅበረሰብ በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለዚህ የሕዝብን አስተያየት መጠየቅ አንድ መሥሪያ ቤት ሲመቸው የሚያደርገው፣ ሳይመቸው የሚተወው በጎ ፈቃድ አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ከመረጃ አሰባሰብ ጋር የተያያዘ ነው። ጤና ተቋማት የሚያስተላልፉት ሪፖርት የሚነግረን ወደ ተቋሙ ስለመጡት ሰዎች ብቻ ነው። መንገዱ ሩቅ በመሆኑ የቀረ፣ ሕመሙን እንደ እርግማን ቆጥሮ ቤቱ የተቀመጠ፣ ወይም አንድ ጊዜ መጥቶ በደረሰበት መመናጨቅ ምክንያት ዳግመኛ ላለመምጣት የወሰነ ሰው በመዝገቡ ላይ አይገኝም። በመዝገብ ላይ የሌለ ሰው ደግሞ መድኃኒት ሲገዛ፣ ባለሙያ ሲመደብና በጀት ሲደለደል አይታሰብም። ይህን ክፍተት ለመሙላት ከመዝገቡ ወጥቶ ሰዎቹ ወዳሉበት መሄድና እነርሱኑ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የዝሆኔ ሕመም እንደ አብነት

ፖዶኮኒዮሲስ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የሚከሰተው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ የሸክላ አፈር ባለባቸው ደጋማና ዝናባማ አካባቢዎች ለረጅም ዓመታት በባዶ እግር በሚሄዱና በሚያርሱ ሰዎች ላይ ነው። በአፈሩ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን የማዕድን ቅንጣቶች በእግር ቆዳ በኩል ይገባሉ፤ የሰውነት ፈሳሽ የሚመላለስባቸውን ቧንቧዎች ይጎዳሉ፤ እግርም ቀስ በቀስ ያብጣል። በየጊዜው የሚነሳው ትኩሳትና ሕመም ሠራተኛውን ገበሬ ለቀናት ከአልጋ ያውለዋል። ጫማ በማዘውተርና እግርን በሳሙና በመታጠብ መከላከል ይቻላል፤ በጊዜ ከተደረሰበትም በቀላል እንክብካቤ ሊሻል ይችላል።

ይሁንና ሕመሙ ለረጅም ዘመን በጤና ዕቅዶች ውስጥ ስፍራ አልነበረውም። ከምክንያቶቹ አንዱ መገለል ነው። የታመመ ሰው ከሠርግና ከለቅሶ ይርቃል፤ ልጆቹ ለጋብቻ አይፈለጉም፤ ከትምህርት ገበታ የቀሩም አሉ። በበርካታ አካባቢዎች ሕመሙ «በዘር የሚመጣ» ወይም የቁጣ ውጤት ነው ተብሎ ይታመናል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የእግር እብጠትን ስርጭት ለማወቅ የሞከሩ ባለሙያዎች በየገበያው የሚታዩትን የታመሙ እግሮች ቆጥረው ነበር። በጊዜው ለነበረው አቅም ጠቃሚ ሥራ ነው፤ ነገር ግን በእፍረት ምክንያት ገበያ መውጣት ያቆመውን ሰው ሊቆጥር የሚችል ዘዴ አይደለም። ከሁሉ በላይ፣ ከተቆጠሩት ሰዎች ማንም ስለ ኑሮው አልተጠየቀም።

ከአራት አሥርት ዓመታት ገደማ በኋላ በወላይታ የተደረገው ጥናት በሌላ መንገድ ጀመረ። ተመራማሪዎቹ ለማወቅ የፈለጉት፣ በአንድ ዓይነት አፈር ላይ በባዶ እግራቸው ከሚሄዱ ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ ብቻ የሚታመሙት ለምን እንደሆነ ነበር። ለዚህ የዘረመል ምርመራ ያስፈልጋል። ነገር ግን «በዘር ነው» በሚል ወሬ ቀድሞውኑ ለተገለሉ ቤተሰቦች የዘረመል ጥናት ምን ትርጉም ይኖረዋል? ይህን ጥያቄ ከቢሮ ሆኖ መመለስ ስለማይቻል፣ ጥናቱ ከመካሄዱ አስቀድሞ ከታማሚዎች፣ ከቤተሰቦቻቸው፣ ከአካባቢው ሰዎችና ከጤና ባለሙያዎች ጋር ውይይት ተደረገ።

ከውይይቱ የተገኘው ትምህርት ቀላል አልነበረም። ሰዎቹ የፈሩት መርፌውን ሳይሆን ስሙን ነበር ማለት ይቻላል፤ ሐኪም ራሱ ሕመሙ ከዘር ጋር ግንኙነት አለው ካለ፣ ጎረቤት በልጆቻቸው ላይ የሚያወራውን የሚያረጋግጥ መስሎ ይታያል። በመሆኑም በማስረዳቱ ሥራ ላይ የአፈሩና የጫማው ድርሻ ከተፈጥሯዊ ተጋላጭነት ጋር አብሮ መነገር እንዳለበት ታወቀ። ማን ያስረዳ የሚለውም እንደዚያው ወሳኝ ሆነ። ከሩቅ መጥቶ ከሚያስረዳ እንግዳ ይልቅ፣ በአካባቢው ለታማሚዎች እንክብካቤ ሲያደርጉ የኖሩና አመኔታ ያተረፉ ሠራተኞች ቢያስረዱ ሰዎች በነጻነት ይጠይቃሉ፤ እምቢ ለማለትም ይደፍራሉ። ይህ ዓይነቱ ቅድመ ውይይት በባለሙያዎች ዘንድ ፈጣን የሥነ-ምግባር ዳሰሳ ይባላል።

የዘረመል ጥናቱ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2012 ታተመ። 194 ታማሚዎችንና 203 ጤነኞችን ያነጻጸረው ይህ ጥናት፣ ከሰውነት መከላከያ ሥርዓት ጋር የተያያዙ ዘረመሎች ለሕመሙ ተጋላጭነትን እንደሚጨምሩ አመለከተ። ተጋላጭነት ማለት ግን ሕመም ማለት አይደለም፤ እግሩ ከአፈሩ የተጠበቀ ሰው ተጋላጭ ቢሆንም አይታመምም። ይህ ልዩነት በአግባቡ ሳይብራራ ቢቀር ኖሮ፣ ለታማሚዎች ይጠቅማል የተባለው ምርምር መልሶ እነርሱኑ ይጎዳ ነበር።

ሁለተኛው አብነት ከምሥራቅ ጎጃም ዞን የተገኘ ነው። በአነደድና በደብረ ኤልያስ ወረዳዎች በተካሄደ ጥናት፣ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ የእግር እንቅስቃሴ ማድረግ፣ እንዲሁም ካልሲና ጫማ መጠቀም የሕመሙን ግርሻ ይቀንስ እንደሆነ ተፈተሸ። 696 ሰዎች ተሳተፉ፤ 350ዎቹ እንክብካቤውን ወዲያውኑ ሲጀምሩ 346ቱ ከ12 ወራት በኋላ እንዲጀምሩ ተደረገ። ማን ይቅደም የሚለው በዕጣ ተወሰነ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ለተመራማሪ ዕጣ ማውጣት አድልዎን የማስወገጃ መንገድ ነው። ዓመት መጠበቅ ለደረሰው ሰው ግን ሳይብራራለት ከቀረ፣ ዘመድ ያለው ቀድሞ ጫማ ያገኘ እንጂ ሌላ አይመስለውም። ስለሆነም በዚህ ጥናትም የሥነ-ምግባር ዳሰሳው ቀድሞ ተከናወነ። ነገሩ ከዕቁብ ጋር ቢነጻጸር ለመረዳት አያስቸግርም፤ ዕጣው ዛሬ ያልወጣለት አባል ተራው ይዘገያል እንጂ ድርሻው አይቀርም። ዋናው ጉዳይ «ተራው ይደርሳል» የተባለው ሰው በእርግጥም ተራው መድረሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ውጤት እንክብካቤውን ወዲያው የጀመሩት ሰዎች ግርሻ የቀነሰላቸው መሆኑን አሳይቷል። ማንኛውም ጤና ጣቢያ ሊሰጠው በሚችለው፣ ውድ መድኃኒት በማይጠይቅ እንክብካቤ የተገኘ ውጤት ነው።

ከእነዚህ ጥናቶች ጎን ለጎን የሕመሙ ሀገራዊ ካርታ ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት መሪነት በ1,315 ማኅበረሰቦች 129,959 ሰዎች ታይተው፣ ከመቶ 4 ያህሉ ሕመሙ ተገኘባቸው፤ ከ775 ወረዳዎች መካከል 345ቱ ሕመሙ የሚገኝባቸው መሆናቸውም ተለየ። በዚያው ዓመት ይፋ የሆነው ትኩረት የሚሹ የሐሩራማ አካባቢ በሽታዎች ብሔራዊ መሪ ዕቅድ ፖዶኮኒዮሲስን ከስምንቱ ቅድሚያ ከሚሰጣቸው በሽታዎች አንዱ አድርጎ አካተተ። ገበያ መውጣት ያቆመው ሰው በመንግሥት ዕቅድ ውስጥ ስፍራ ያገኘው በዚህ ሁኔታ ነው። ለዚህም ለጥያቄ በራቸውን የከፈቱ፣ እግራቸውን ለማሳየት የደፈሩ ሰዎች ድርሻ ከባለሙያዎቹ ድርሻ አያንስም።

እንዲህም ሆኖ ሁሉም ነገር ተሟልቷል ማለት አይደለም። ኅብረተሰቡ በአብዛኛው የሚጠየቀው ሌላ ሰው ያዘጋጀውን ጥያቄ እንዲመልስ ነው፤ ምን ይጠና በሚለው ላይ ድምፅ የሚሰጥበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። የጥናት ውጤት ወደ ተሳታፊዎቹ የመመለሱ ጉዳይም ገና ብዙ ይቀረዋል። መረጃ ሰብሳቢ ሦስት ጊዜ መጥቶ ጠይቆት አንድም ጊዜ ውጤት ያልሰማ አባወራ በአራተኛው በሩን ቢዘጋ ሊወቀስ አይገባውም።

በጥናት እንዲሳተፉ ሲጠየቁ

መሳተፍ ሙሉ በሙሉ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው። አልፈልግም የማለት፣ ከተስማሙ በኋላም በመካከል የማቋረጥ፣ ደስ ያላሰኘዎትን ጥያቄ የመዝለል መብት አለዎት። ለዚህም ምክንያት እንዲሰጡ አይገደዱም። በጥናት ባለመሳተፍዎ የክትባት፣ የወሊድ፣ የመድኃኒት ወይም ማናቸውም ሌላ የጤና አገልግሎት ሊከለከሉ፣ ወረፋዎም ወደ ኋላ ሊደረግ አይችልም። ይህን ደግመን የምናነሳው በተለይ በጤና ተቋም ውስጥ ለሚጠየቁ ተገልጋዮች ነው፤ ነጭ ጋውን የለበሰ ባለሙያ የጠየቀውን እምቢ ማለት ለብዙ ሰው ይከብዳልና።

ስምምነት ከመስጠትዎ በፊት የጥናቱ ዓላማ፣ የሚወስደው ጊዜ፣ ሊያስከትል የሚችለው ጉዳትና የሚያስገኘው ጥቅም በሚገባዎት ቋንቋ ሊነገርዎት ይገባል። ማንበብ ለማይችል ሰው የስምምነት ቅጹ ምስክር ባለበት ይነበብለታል፤ በፊርማ ፋንታ የጣት አሻራ ሊወሰድ ይችላል። በብዙ አካባቢ ፊርማ ከብድርና ከመሬት ጉዳይ ጋር ተያይዞ ስለሚታይ ሰዎች መፈረም ይፈራሉ። የጥናት ስምምነት ቅጽ ዕዳም ሆነ ግዴታ አያስከትልም፤ ቢሆንም ያልገባዎትን ወረቀት አይፈርሙ። ለማሰብና ከቤተሰብ ጋር ለመመካከር ጊዜ መጠየቅ ይችላሉ። የአባወራው ወይም የቀበሌው ፈቃድ የሚስትን ፈቃድ አይተካም፤ እርሷ ራሷ መጠየቅ አለባት። ልጆች በሚሳተፉበት ጥናት የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ነገሩን ለመረዳት ዕድሜው የደረሰ ልጅ ደግሞ የራሱ ሐሳብ ይጠየቃል።

«ለምን እኔ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ዕጣ ነው። በናሙና ጥናት ቤቶች የሚመረጡት ያለ አድልዎ በመሆኑ፣ የተመረጠው ቤተሰብ ባይኖር ወይም ባይፈልግ መረጃ ሰብሳቢው እንደ ፈቃዱ የጎረቤቱን ቤት ሊተካ አይችልም። አንዳንዴ ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ ተመልሶ የሚመጣው ከዚህ የተነሳ እንጂ እርስዎን ለይቶ ለመከታተል አይደለም።

የሰጡት መረጃ በስምዎ አይታተምም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያሻቸው የግል መረጃዎች ጋር ይመድባል፤ የሰጡትን ስምምነት የማንሳት መብትዎንም ያውቃል። የአዋጁን አፈጻጸም የሚከታተለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የቡድን ውይይትን በተመለከተ ግን አንድ ነገር አስቀድሞ ቢታወቅ ይሻላል፤ ተመራማሪው ምስጢር ቢጠብቅም አብረውዎት የተወያዩት ጎረቤቶች የሰሙትን ሊያወሩ ይችላሉ። የግል ጉዳይዎን መናገር ካልፈለጉ ለብቻዎ እንዲጠየቁ ያመልክቱ።

ለትራንስፖርት ወይም ለባከነ ጊዜ ማካካሻ መስጠት የተለመደ ነው፤ በገንዘብ ፈቃድን መግዛት ግን ክልክል ነው። በሌላ በኩል ከእርስዎ የሚጠየቅ ክፍያ የለም። የባንክ ሒሳብ ወይም የቴሌብር የምስጢር ቁጥር የሚጠይቅ «ጥናት» ጥናት አይደለም። ጥርጣሬ ካደረብዎ መረጃ ሰብሳቢው መታወቂያውንና የድጋፍ ደብዳቤውን እንዲያሳይዎ ይጠይቁ፤ ከዚያም በቀበሌዎ የምትገኘውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም የወረዳውን ጤና ጽሕፈት ቤት ያነጋግሩ። በአካባቢው የሚካሄድ ሕጋዊ ጥናት ለእነርሱ የታወቀ ነው።

ከመልስ ሰጪነት ያለፈ ተሳትፎ

ጥናት እስኪመጣብዎ ሳይጠብቁ ሐሳብዎን የሚያቀርቡበት መንገድም አለ። በበርካታ ወረዳዎች ኅብረተሰቡ ለጤና ጣቢያው ውጤት የሚሰጥበት የምዘና ካርድ በሥራ ላይ ውሏል። ነዋሪዎች ተሰብስበው የባለሙያዎችን ርኅራኄና አክብሮት፣ የሚጠብቁበትን ጊዜ ርዝማኔ፣ የመድኃኒትና የምርመራ አቅርቦትን፣ የተቋሙን ይዞታና ንጽሕና፣ እንዲሁም የአምቡላንስ አገልግሎትን ይመዝናሉ፤ ውጤቱም ከጤና ጣቢያውና ከወረዳው ኃላፊዎች ጋር ለውይይት ይቀርባል። የሚቀጥለው የምዘና ስብሰባ መቼ እንደሆነ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መጠየቅ ይችላሉ። በስብሰባው «መድኃኒት የለም» ከማለት ይልቅ የትኛው መድኃኒት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ስንት ጊዜ ተመላልሰው እንዳጡ ቢናገሩ ቅሬታው ወደ ማስረጃነት ይቀየራል፤ ኃላፊውም በጥቅል መልስ ሊያልፈው አይችልም።

በጥናት የተሳተፉ ሰዎች ውጤቱን የመጠየቅ መብት አላቸው። ስምምነት በሰጡበት ዕለት የተነበበልዎትን የመረጃ ቅጽ አንድ ቅጂ ይውሰዱ፤ በቅጹ ላይ የዋና ተመራማሪው እና ጥናቱን የፈቀደው የምርምር ሥነ-ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ስልክ መመዝገብ አለበት። ውጤቱ መቼና የት እንደሚነገር ተመራማሪውን ይጠይቁ። ያለ ፈቃድዎ ናሙና ከተወሰደ፣ መረጃዎ ከተገለጠ ወይም ባለመሳተፍዎ አገልግሎት ከተነፈጉ ደግሞ አቤቱታዎን በቃል ወይም በጽሑፍ ለዚሁ ኮሚቴ ያቅርቡ። ቅጹ በእጅዎ ከሌለ ጥናቱ የተካሄደበትን ቀን፣ ቦታና የጠየቀዎትን ተቋም ስም ይዘው ወደ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ቢሄዱ፣ ጥናቱን የፈቀደው ኮሚቴ የትኛው እንደሆነ ከድጋፍ ደብዳቤው መለየት ይቻላል።